መከራ ከመምከሩ በፊት

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ስንጠቅስ አብዛኛውን ጊዜ የምንደገፈው በመጨረሻው ሐረግ ላይ ነው። አንድ ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት «መከራ ይምከረው» ብለን እጃችንን አራግፈን እንሄዳለን። ተረቱ ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ምከረው፤ ደግመህም ምከረው፤ እምቢ ማለቱን ካረጋገጥህ በኋላ ብቻ ለመከራ አሳልፈህ ስጠው ነው የሚለው። መከራ በተራው ሦስተኛ መምህር ነው። እንግዲህ ሁለቱ መምህራን ጭራሽ ሳይመጡ ሦስተኛው ቀድሞ የመጣበት ሰው ቢኖርስ? ያልተመከረን ሰው መከራ ሲመክረው ዕዳው በማን ላይ ይጻፋል?

ጥያቄው እንዲያው ለጨዋታ የመጣ አይደለም። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተሰጠ። ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲፈተኑ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በማግስቱ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ነው ብሎ የሚጽናና ሰው ካለ ይጽናና፤ አንከለክለውም። ከመቶው ዘጠና አንዱ ግን አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

በዚያን ሰሞን ብዙ ተባለ። ኩረጃው ሲቆም እውነቱ ወጣ ያሉ ነበሩ። ይህ ከሐሰት አይቆጠርም፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ቀድሞ ወጥቶ መሰረዙንና እንደገና መሰጠቱን የሚያስታውስ ሰው ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ያውቃል። የመጽሐፍ እጥረቱን፣ የመምህራኑን ኑሮና ችሎታ፣ የክፍሉን መጣበብ ያነሡም ነበሩ፤ እነሱም አልተሳሳቱም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ሁሉ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ነገር ነው። ከወደቁት ልጆች መካከል ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት የራሱን አቋም በትክክል ያውቅ የነበረው ስንቱ ነው? የሚያውቅለትስ ሰው ነበረው? ያ ልጅ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የተቀበለው ካርድ «ተዛውሯል» ይላል። ምናልባትም ከክፍሉ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ወጥቷል። ወላጆቹ ፊደሉን ባያነቡ እንኳ ማኅተሙን አይተው ደስ ብሏቸዋል። ትምህርት ቤቱ በዓመት በዓመቱ «ደህና ነህ» ሲለው ከኖረ በኋላ አንድ ከሩቅ የመጣ ወረቀት «ደህና አይደለህም» አለው። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ወረቀቱ ነው የዋሸው ለማለት ይከብዳል።

«ምረቃ» የምትለዋን ቃላችንን ለአፍታ ልብ እንበል። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ «እደግ፣ ተመንደግ» ሲል «መረቀ» እንላለን፤ ተማሪ ትምህርቱን ሲፈጽምም «ተመረቀ» እንላለን። በእንግሊዝኛው ቃል ሥር ያለው ላቲን ደረጃ ወይም እርከን ማለት ነው፤ የኛው ግን ቡራኬ ነው። ደረጃ የወጣ ሰው ሥራው የራሱ ነው፤ የተመረቀ ሰው ግን መራቂ አለው። መራቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይዘረጋም፤ ቃሉ ባይደርስ ያፍራል። ዛሬ በየከተማው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ገና ፈተናው ሳይሰጥ ጋዋን ለብሶ፣ መጽሔት አሳትሞ፣ ከወላጆቹ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ሲመረቅ እናያለን። ልጆቹ መደሰታቸው ክፋት የለውም፤ ዕድሜያቸው ነው። መራቂው ትምህርት ቤት ግን በዚያች ቀን ምን እያለ እንደ ሆነ ማወቅ አለበት።

ነገሩን ወደ አንድ አገር አውርደን እንየው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኙ የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ አገር ነው። በክረምት የሚያልፍበት መንገደኛ «ይህ አገር ምን ጎድሎት!» የሚለው ዓይነት ለምለም ነው። የጎደለው መሬቱ ራሱ ነው። በክልሉ የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወጣት ድርሻው ከአባቱ ማሳ ላይ የሚቆረስ ነው፤ አባቱም አለ፣ ወንድሞቹም አሉ። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ትምህርት ከእርሻ የሚመረጥ የተሻለ ኑሮ ብቻ አይደለም፤ ያላገኘውን መሬት የሚተካለት መሬት ነው። «ካልሆነልህ ተመልሰህ እረስ» የሚለው የከተማ ሰው ምክር ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። የሚታረሰው የቱ ላይ ነው? ምርጫው ወይ ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ መውረድ፣ ወይ አዲስ አበባ ገብቶ ሎተሪ ማዞር፣ ወይ የቀን ሥራ ነው።

ከየገጠሩ ቀበሌ የሚመጣው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከተማ ውስጥ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይሄድና እሑድ እንጀራውን፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ሻግቷል፤ ሻጋታውን ጠርጎ ይበላዋል። ወጥ ሠሪውም፣ ውኃ ቀጂውም፣ አጥኚውም እሱው ነው። ለኪራዩ በግ ይሸጣል። 12ኛ ክፍል ሲደርስ ወጪው ይከብድና ወይፈን ይሸጣል። አሁን የዚህ ልጅ አባት አንድ የገበያ ቀን ጎራ ብሎ የልጁን መምህር አገኘው እንበል። ጥያቄው አጭር ነው።

«መምህር፣ ይህ ልጅ ይሆንልኛል ወይስ አይሆንልኝም? ቁርጡን ይንገሩኝ፤ ወይፈኑን ልሸጠው ነው።»

መምህሩ የልጁን ነጥብ ያውቃል። ያለፉትን ዓመታት የትምህርት ቤቱን ውጤትም ያውቃል። ከፊቱ ሦስት መልሶች አሉ። አንደኛው «አይዞዎት አባቴ፣ ጎበዝ ነው፣ ያልፋል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «አይሆንም፤ ወይፈንዎን ይያዙ» ነው። ሦስተኛው «እግዜር ያውቃል» ነው። ሦስተኛውን መጀመሪያ እናሰናብተው። በሃይማኖት በኩል እንከን የለበትም፤ ግን ሰውየው እግዚአብሔር የሚያውቀውን አልጠየቀም። መምህሩ የሚያውቀውን ነው የጠየቀው።

የመጀመሪያው መልስ ደግ ይመስላል። አብዛኞቻችንም በመምህሩ ቦታ ብንሆን እሱኑ እንመልስ ነበር። «አይዞህ» በቋንቋችን ካሉት ቃላት ሁሉ ለጋሱ ነው፤ ለወደቀ፣ ለታመመ፣ ለተበደለ ሁሉ የሚሰጥ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን «አይዞህ» እና «ያልፋል» አንድ አይደሉም። «አይዞህ» ሰውን ከጎኑ ሆኖ ማቆም ነው፤ «ያልፋል» ስለ ዓለም የሚነገር ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል። መምህሩ የመጀመሪያውን ተገን አድርጎ ሁለተኛውን ሲያሾልክ ደግነት መሰለው። የደግነቱን ሒሳብ የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም፤ ወይፈኑ ነው። ሌላው በሚከፍለው ዋጋ ደግ መሆን ቀላል ነገር ነው።

ታዲያ ሁለተኛውን እንምረጥ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ሰውን በየመክሊቱ ለይቶ በየቦታው ማስቀመጥ አሮጌ ሕልም ነው። አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ ለዜጎች አንድ ተረት ይነገራቸው ይላል፦ ፈጣሪ ሲሠራችሁ በአንዳንዳችሁ ነፍስ ወርቅ፣ በአንዳንዳችሁ ብር፣ በቀሪዎቻችሁ ብረትና ነሐስ ቀላቅሏል የሚል ተረት። አፍላጦን ራሱ ይህ ሐሰት መሆኑን አልደበቀም፤ ለአገር የሚጠቅም ሐሰት ነው ብሎ ነው ያቀረበው። ከብረት ወላጅ ወርቅ ሊወለድ እንደሚችልና ያ ልጅ ወደ ላይ መውጣት እንዳለበትም ጨምሯል። ነገር ግን የልጁን ማዕድን የሚመረምረው ማን ነው? መርማሪውስ የራሱን ልጅ ከብረቶቹ መካከል አግኝቶ ያውቃል?

የእኛ አገር ሰው ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ያውቀዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጠናው «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» ትምህርትን ለብዙኃኑ በአጭር መሠረታዊ ደረጃ አዳርሶ፣ ወደ ላይ የሚዘልቀውን ቁጥር የሚገድብ ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያት የሌለው ዕቅድ አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. ግን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ተማሪውም ወላጁም ተነሣ፤ ዕቅዱ ሳይተገበር ቀረ፤ ተቃውሞውም ለአብዮቱ ከተለኮሱት እሳቶች አንዱ ሆነ። ሕዝቡ የሰማው ቃል አንድ ነበር፦ «የድኻ ልጅ እዚህ ላይ ያብቃ፤ የጌታ ልጅ ይቀጥል»። ከዚያ ወዲህ ለገበሬ ልጅ «የእጅ ሙያ ይሻልሃል» የሚል መካሪ ሁሉ ይህን ጥርጣሬ ተሸክሞ ነው የሚናገረው። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። የሚመክረውን ምክር ለገዛ ልጁ የማይሰጥ ሰው ምክሩ ምክር ሳይሆን ምደባ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያመጣው ሥርዓትም ይህን ቁስል አልፈወሰውም። የ10ኛ ክፍልን ፈተና ከፍ አድርጎ ያለፈው ወደ መሰናዶ ሄደ፤ ዝቅ ያለው ወደ ቴክኒክና ሙያ ተላከ። ሙያ በገዛ ስሙ የሚመረጥ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የወደቀ ሰው መጠለያ ሆነ። ያ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዛሬ ቀርቷል፤ ያተረፈው ስም ግን አልቀረም። ቡሬ ላይ የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል (ፋብሪካም በእኛ አገር ይመረቃል)። የዘይት ፋብሪካ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ፣ ማሽን የሚፈታና የሚገጥም፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚመዝንና የሚለካ ሰው ይፈልጋል። በአጥሩ ሥር ለሚያልፈው ተማሪ ግን ውስጡ ምን ዓይነት ሥራ እንዳለ፣ ያም ሥራ የትኛውን ትምህርት እንደሚጠይቅ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ፋብሪካው ለእሱ ረጅም ግንብ ብቻ ነው።

«አይሆንም» ባዩ መምህር ሌላም ችግር አለበት፤ ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮዘንታልና ጃኮብሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። እንዲያው በዕጣ የተመረጡ ልጆችን ለመምህራኖቻቸው «እነዚህ ሊያብቡ ነው» ብለው ቢነግሯቸው ልጆቹ እውነትም ተሻሽለው ተገኙ የሚል ነው። የጥናቱ ውጤት ከዚያ በኋላ ብዙ አከራክሯል፤ የመሻሻሉን መጠን የተጠራጠሩ አሉ። ቢሆንም መምህር ሆኖ የኖረ ሰው ሁሉ የነገሩን ፍሬ አይክደውም። የመምህር ትንቢት እንደ ሰማይ ትንቢት አይደለም፤ ትንቢቱ ራሱ ዝናቡን ያመጣዋል ወይም ያስቀረዋል።

እንግዲህ ማታለልም ክልክል፣ መፍረድም ክልክል ከሆነ መምህሩ ምን ቀረው? ቋንቋችን ራሱ መውጫውን ያሳያል ብዬ አምናለሁ። «አልቻልህም» እና «አትችልም» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንመልከት። ሥራቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው በጊዜ ነው። «አልቻልህም» የሆነን ነገር ይናገራል፤ ማስረጃው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ልጁ ራሱ ሊያየው፣ ሊከራከርበትም ይችላል። «አትችልም» ግን ያልሆነን ነገር ይናገራል፤ ያልተፈጠረ ቀንን ይዘጋል። የመጀመሪያው ዘገባ ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው። መምህር ዘገባውን የመደበቅ መብት የለውም፤ ፍርዱን የመስጠት ሥልጣንም የለውም። ለገበሬው የሚገባው መልስም ከዚህ ይወጣል። «ልጅዎ በሒሳብ የ9ኛውን ክፍል ገና አልጨረሰም፤ በእንግሊዝኛ አንብቦ አይረዳም። እዚህ ከሚፈተኑት መቶ ልጆች አምና ያለፉት እነዚህ ናቸው። ወይፈኑን ቢሸጡ የሚገዙት ይህን ያህል ዕድል ነው። ዕድሉ የሚሰፋበት መንገድ አለ፤ እሱም ይኸና ይኸ ነው።» ይህ መልስ ረጅም ነው፤ በገበያ ቀን በር ላይ ቆሞ የሚነገር አይደለም። ሰውየውን ሊያስከፋውም ይችላል። ግን ሰውየው ቁርጡን ጠይቆ ነበር፤ ቁርጡ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይህ ጥያቄ ለምን 12ኛ ክፍል ላይ ብቻ ይጠየቃል? «የ9ኛውን ክፍል ሒሳብ አልጨረሰም» የሚለው እውነት 9ኛ ክፍል ላይ ቢነገር ኖሮ ሊታረም የሚችል እውነት ነበር። 10ኛ ላይም ገና ጊዜ ነበረው። ያኔ ታፍኖ ቆይቶ በ18 ዓመቱ፣ ወይፈኑ ከተሸጠ በኋላ፣ በሩ ሲዘጋ ሲነገረው ያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ነገር ይሆናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ምንም ሊያደርግበት የማይችል ሆነ እንጂ። እውነት ለሰው የምትሰጠው እንዲመርጥባት ከሆነ፣ ምርጫው ካለፈ በኋላ የምትመጣ እውነት ከሐሰት በምን ትሻላለች? ያታለለውም ሰው፣ አዘግይቶ እውነቱን የነገረውም ሰው ልጁን ያደረሱት አንድ ቦታ ነው። ብሔራዊው ፈተና እውነት ተናገረ ብለን እናመስግነው፤ ተገቢ ነው። በዚያች እውነት ላይ ለዓመታት ተኝቶባት የኖረ ቤት ግን እኩል ምስጋና አይገባውም።

የሚገርመው እዚያው ጎጃም ውስጥ እውነትን በየቀኑ መናገር የሚያውቅ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ መኖሩ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ቀን ሲቆጥር ውሎ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው፣ በጓደኞቹ ፊት፣ ያፈረሰውን ቤት፣ ያሳተውን ሰዋስው ያርመዋል። ጉባኤ ቃናው ሳይቀና ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ዛሬ ያልቀናው ነገ ደግሞ ይቆጥራል። ትምህርቱ በዓመት አይለካም፤ «ተዛውሯል» የሚል ካርድም የለም። እዚያ ልጅ ይወድቃል፤ ግን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይወድቃል፤ ከዚህ ውድቀት ደግሞ መነሣት ይቻላል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን የየቀኑ ውድቀት ሁሉ እየተጠራቀመ ይቆይና በአንድ ሳምንት ፈተና ይከፈላል።

ይህን ስል የድሮውን እያመሰገንሁ አዲሱን ልንቅ አይደለም። የቅኔ ቤቱ በር ለሴት ልጅ ዝግ ያህል ነበር፤ በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እንዲህ የገነነው እንደሳቸው ያለ ሌላ ስላልነበረ ጭምር ነው። ደግሞም ቅኔ ቤት ልጁ ምን እንደ ቻለ ይነግረዋል እንጂ በዓለም ላይ ምን ምን መንገድ እንዳለ አይነግረውም። በዚያ ዘመን መንገዱን የሚወስነው ሌላ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ የምትገኘውን ማንኩሳን አንባቢ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቃታል። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጅ እየሞተባቸው ቢቸገሩ፣ በዛብህ ከተረፈላቸው በድንግልና ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ተሳሉ። ስለቱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ልጁ ግን ያልገባበትን ውል ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍል ኖረ። የዛሬ ወላጅ ደጀ ሰላም ሄዶ አይሳል ይሆናል፤ «ልጄ ዶክተር ይሆናል» የሚለው ቃሉ ግን ከስለት አያንስም። ለልጁ ያለው ፍቅር ከቦጋለ ፍቅር አይለይም፤ ልጁን ሳይጠይቅ መወሰኑም እንዲሁ።

«መካሪ» እና «አማካሪ» የሚሉት ቃላት መለየት የሚኖርባቸውም ለዚህ ነው። መምከር አንድ አፍና አንድ ጆሮ ይበቃዋል፤ መማከር ግን ሁለት አፍና ሁለት ጆሮ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ከተማ ውስጥ ለወጣቶች የሥራ መምረጫ ምክር ቢሮ የከፈተው ፍራንክ ፓርሰንስ፣ ከሞቱ በኋላ በማግስቱ ዓመት በታተመው መጽሐፉ ነገሩን በሦስት ከፍሎታል፦ ራስን ማወቅ፣ ሥራዎችን ከነጥቅማቸውና ከነችግራቸው ማወቅ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት በትክክል ማሰላሰል። ማሰላሰሉ የወጣቱ የራሱ ነው፤ የቢሮው ሥራ ማሰላሰያውን ማቅረብ ነው። ይህ ቀላል ሐሳብ በእኛ አገር ገና ቦታ አላገኘም። በብዙ ትምህርት ቤት ተማሪው «ጋይዳንስ» የሚለውን ቢሮ የሚያውቀው ያረፈደና የተደባደበ ሰው የሚላክበት አድርጎ ነው። ለነገሩ የሚመርጠው በሌለበት ስለ ምርጫ ማማከር ከየት ይምጣ? ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደቡ ተብሎ ሲሠራበት፣ የአገሪቱ ፍላጎት አስቀድሞ ተቆጥሮ ነበር። የልጁ ፍላጎት ግን በቀመሩ ውስጥ አልገባም።

ለሴት ልጅ ደግሞ ያው አንድ እውነት ሌላ ክብደት አለው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ ገጠር ውስጥ ግን ሕጉን በተግባር የሚያስከብረው ብዙ ጊዜ ዳኛ ሳይሆን ደብተር ነው። «እየተማረች ነው» የሚለው ቃል እስካለ ድረስ ሽማግሌ ሲላክ አባትየው የሚመልሰው አለው። መምህሩ ለዚህ አባት «ልጅዎ በሒሳብ ደካማ ናት» ሲለው፣ አባትየው የሚሰማው «እንግዲህ ትዳር» የሚል ሊሆን ይችላል። ታዲያ ይዋሽ? አይዋሽ፤ ለማን አስቀድሞ እንደሚናገር ግን ይወቅ። የልጅቱ ዘገባ በመጀመሪያ የልጅቱ ነው። ከእሷ ጋር ተማክሮ፣ የነርስነትም ይሁን የመምህርነት፣ የመድገምም ይሁን የሙያ መንገዷን አስይዞ ወደ አባትየው ሊሄድ ይችላል። ያኔ ለአባትየው ከድክመቷ ጋር መንገዷም ይነገረዋል።

ሌላም የማይነገር ዘገባ አለ። በ2014ቱም በ2015ቱም ፈተና ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ሰው እንኳ ካላለፈ ያ ፈተና የለካው ልጆቹን አይደለም፤ ትምህርት ቤቱን ነው። እዚያ ቤት ለወደቀ ልጅ «አልቻልህም» ብሎ ማቆም ራሱ ግማሽ ሐሰት ነው። «አልተማርህም» ነው እውነቱ፤ አስተማሪውም አጣማሪው ነው። ስለዚህ አማካሪ ወደ ታች ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ማለትም ለልጁ ድክመቱን እየነገረ ለወረዳውና ለቢሮው የትምህርት ቤቱን ድክመት የማይጽፍ ከሆነ፣ ሥራው የፈተናውን ፍርድ በለሰለሰ ድምፅ ደግሞ ማንበብ ብቻ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ደግሞ ይህም ጥያቄ ቅንጦት የሆነባቸው አሉ። ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘጉ፤ በ2016ቱ ፈተና ላይ መቀመጥ የነበረባቸው ብዙ የክልሉ ተማሪዎች ሳይቀመጡ ቀሩ። በር የተዘጋበት ተማሪ የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ታገሥ» ነው። «ታገሥ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን እስከ መቼ የሚለውን አይመልስም። ለዚህ ልጅ ሐቀኛ የሆነ ሰው ሊለው የሚችለው፣ ያለፈው ዓመት ከዕድሜው እንጂ ከችሎታው እንዳልተቀነሰ፣ በእጁ ያለው የ10ኛና የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ሳይከፈት ከተቀመጠ ግን እንደሚቀነስ ነው። ይህም ከ«አይዞህ» ጋር ይነገር፤ ለዚህ ጊዜ ነውና የተፈጠረው።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ ቢሮና ብዙ በጀት ያስፈልጋል የሚሉ ይኖራሉ። በሥነ ልቡና የሠለጠነ ባለሙያ በየትምህርት ቤቱ ቢኖር ማን ይጠላል! እስኪመጣ ድረስ ግን አንድ ወፍራም ደብተር ሊገዛ ይችላል። አምና፣ ካቻምናና ከዚያም በፊት ከዚያ ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍልን የጨረሱ ልጆች በየተራ ይጻፉበት። 9ኛ ክፍል ሲገባ ነጥቡ ስንት ነበር? ሲወጣስ? አሁንስ የት ነው? ይኸኛው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ያችኛዋ ፍኖተ ሰላም መምህራን ኮሌጅ፣ ሦስተኛው ቡሬ ፋብሪካ ውስጥ፣ አራተኛው መተማ፣ አምስተኛው አንድ ዓመት ደግሞ ሪሚዲያል የገባ፣ ስድስተኛዋ አግብታ ሁለት የወለደች። ስማቸው ቢቀር ይቀራል፤ ነጥባቸውና መንገዳቸው ይበቃል። ደብተሩ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ አይቆለፍበት። መስከረም ላይ ስንቁን አራግፎ የሚገባው የ9ኛ ክፍል ልጅ የራሱን ነጥብ የያዘውን ገጽ ፈልጎ፣ እሱን መሳዮቹ የት እንደ ደረሱ ያንብብ። አባቱም ለገበያ ሲመጣ ልጁ ያንብብለት። ወይፈኑ ገና ጥጃ ነው።